አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ሲታይ

አንድ የባንኮ ጎቲቲ ቡና ገበሬ ጠዋት ሲነሱ ደጃፍ የቆመችው ላም ሁለት ሆና ታየቻቸው እንበል። ዓይናቸውን አሹት፤ ያው ሁለት ናት። ራሳቸውን ያዞራቸዋል። አንዱ ጎረቤት «ምች ነው» ይላል፣ ሌላው «መነጽር ይገዛላቸው»። ነገሩ ግን ከዓይን ላይሆን ይችላል!

ለመሆኑ ዓይንን የሚያንቀሳቅሰው ማነው? እያንዳንዱን ዓይን 6 ጡንቻዎች ይጎትቱታል። ትእዛዙ በ3 ነርቮች ይመጣል፤ የነርቮቹ መነሻ ከማጅራት በላይ ያለው የአንጎል ግንድ ነው። ወደዚያ የሚሄድ የደም ሥር ከተዘጋ ወይም ከፈነዳ፣ ማለትም ስትሮክ ከመታ፣ ሁለቱ ዓይኖች መናበብ ሊያቅታቸው ይችላል። አንዱ ወደ ጎን ሲዞር ሌላው መሃል ይቀራል፤ ወይም የዓይን ቆብ ይወድቃል፤ ወይም ዓይን ሳያዙት ይርገበገባል።

አንድ ዓይን በእጅ ሸፍነው ይሞክሩ። ሁለትነቱ ከጠፋ ዓይኖቹ አልተናበቡም ማለት ነው። በድንገት ከመጣና ማዞር፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የፊት መጣመም ካለበት፣ ሳይውል ሳያድር በይርጋ ጨፌ አድርጎ ወደ ዲላ ሆስፒታል መሮጥ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት ቦታ የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

አደራ! አገሩ የቡና ነውና «ትንሽ ፉት ይበሉ» ማለት ያለ ነው። መዋጥንም የሚያዘው ይኸው የአንጎል ግንድ ስለሆነ፣ ቡናውም ውሃውም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። አስፕሪንም በቤት አይስጡ፤ ደም ፈስሶ ከሆነ ያባብሰዋል። ይህን የሚለየው ሲቲ ስካን ነው።

በ1988 ዓ.ም. አንድ ፈረንሳዊ የመጽሔት አዘጋጅ እዚሁ የአንጎል ክፍል ላይ ስትሮክ መታውና ሽባ ሆነ። ፊደል እየተጠራለት በግራ ዓይኑ እየጠቀሰ መጽሐፍ አጻፈ፤ በ1989 ዓ.ም. ታተመ። ስለዚህ ዝም ያለ ሕመምተኛ ሁሉ አይሰማም ብለው አልጋው ሥር ስለ ቀብር አያውሩ። «ከሰማኸኝ ወደ ላይ እይ» ይበሉት። መላ አካሉ የታሰረ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ይህን ማድረግ ይችላል።

የብዙዎች ዓይን በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይሻሻላል። እስከዚያው አንዱን ዓይን በየተራ መሸፈን ሁለት ማየቱን ያስቀራል። ሞተር ብስክሌት መንዳትና መሰላል መውጣት ይቅር።

ከሁሉ በላይ ግፊትዎን ይለኩ። የስትሮክ ዋነኛ መንስኤ እሱ ነው። መድኃኒት ከታዘዘልዎም «ተሽሎኛል» ብለው በራስዎ አያቋርጡ!