«ና… ና… ና…» ሲባል ከኋላ ማን አለ?

ጠዋት ተማሪና ሠራተኛ በሚወጣበት ሰዓት በገርጂ፣ በሰሚት ወይም በጀሞ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች የሄደ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። የግቢ በር ብርግድ ይላል። ዘበኛው ወጥቶ ፊቱን ወደ መኪናው፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አድርጎ «ና… ና… ና…» ይላል። መኪናው በሁለት ግንቦች መካከል በኋላ ማርሽ ይወጣል። ክላክስ ይሰማል። ቦርሳ ያዘሉ ልጆች ተበታትነው አስፋልት ላይ ይወርዳሉ፤ መኪናው ያልፋል፤ ማንም ምንም አይልም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ዝምታ ነው። ስለ ትራፊክ አደጋ ስናወራ ፍጥነትን፣ መጠጥንና ሲኖትራክን እናነሳለን እንጂ የግቢ በርን አናነሳም። አዲስ አበባ ግን በእግሯ የምትሄድ ከተማ ናት፤ ከነዋሪዎቿ ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞቱባት ሰዎችም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እግረኛ አስፋልት ላይ ሲገጭ «ምን ሊሠራ ገባ?» ይባላል። በራሱ መንገድ ላይ ሲገጭም ጥያቄው ተመልሶ ወደ እሱ ይዞራል፦ «መኪና ሲወጣ አያይም?»

እስቲ ማን ምን እንደሚያይ እንመልከት። ሾፌሩ የተቀመጠው ከመኪናው የኋላ ጫፍ ከ2 ሜትር በላይ ርቆ ነው። አጥሩ ረጅም ግንብ ከሆነ፣ ሾፌሩ ግራ ቀኙን ማየት ሲጀምር የመኪናው ጀርባ የእግረኛውን መንገድ ይዞታል። ስፖኪዮው የሚያሳየው ግንቡን እንጂ ከግንቡ ማዶ የሚመጣውን ልጅ አይደለም። መኪናው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄድ እንኳ በሰከንድ 1.4 ሜትር ይጓዛል፤ ሾፌሩ ደንግጦ ፍሬን እስኪይዝ 2 ሜትር አለፈ ማለት ነው። በብዙ ሰፈሮች የእግረኛው መንገድ ራሱ ከዚያ አይሰፋም። ዘበኛውም ቢሆን የሚጠብቀው መኪናው በሩን እንዳይነካ ነው።

ጉዳዩ የሾፌር ክፋት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የሁለት ዓመት ሕፃን በቤቱ ደጃፍ የገዛ አባቱ መኪና ወደ ኋላ ሲነዳ ገጭቶት ሞተ። ወላጆች ለዓመታት ከታገሉ በኋላ በሕፃኑ ስም ሕግ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም በዚያ አገር የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ግድ ሆነ። የሚወድ አባት ያላየውን፣ ለሥራ የረፈደበት ሰው አያለሁ ብሎ ሊተማመን አይገባም።

የእኛም ሕግ ቢሆን ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ። ቁጥር 2086 ደግሞ የሦስተኛ ወገን ጥፋት ባለቤቱን ነጻ እንደማያወጣው ይደነግጋል። ስለዚህ «ዘበኛው ና ብሎኝ ነው» የሚለው ምክንያት አያስጥልም። ኃላፊነቱ የሚቀንሰው ወይም የሚቀረው ተጎጂው ራሱ ያጠፋ እንደሆነ ነው። ሰው ከሞተ ደግሞ ሾፌሩን የሚጠብቀው የወንጀል ሕጉ ቁጥር 543 ነው፤ ግልጽ ደንብ ተጥሶ ከሆነ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት እስራት ይደርሳል።

እግረኛው ምንም ግዴታ የለበትም እያልኩ አይደለም። መንቀሳቀስ ከጀመረ መኪና ኋላ ሮጦ ለማለፍ መሞከር፣ ስልክ ላይ አቀርቅሮ መሄድ አደጋ ነው። ግን ጥንቃቄው እኩል ሊሆን አይችልም። አንደኛው ከአንድ ቶን በላይ ብረት ይዞ በሌላው መንገድ ላይ ይሻገራል፤ ሌላኛው ዓይነ ስውር፣ ሽማግሌ ወይም የስድስት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ክላክስ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ ቅድሚያ አይሰጥም።

ይህን ዛሬ ማንሳት ያስፈለገኝም በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ጎዳናችን በኤሌክትሪክ መኪኖች እየተሞላ ነው። ብዙዎቹ የኋላ ካሜራ አላቸው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሞተር ድምፅ ግን የላቸውም። በጆሮው መኪና መኖሩን ያውቅ የነበረ ሰው አሁን ላያውቅ ይችላል።

በኮሪደር ልማቱ በዋና ዋና ጎዳናዎች የተሠሩት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ደስ ይላሉ፤ የሰፈር ውስጡ ግን ገና ነው። እዚያ ለውጡ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ማታ ሲገቡ በኋላ ማርሽ መግባት፣ ጠዋት በፊት ማርሽ መውጣት ነው። ሾፌሩ ሲገባ ከመንገድ ላይ ሆኖ እግረኛውን አስቀድሞ ያየዋል፤ ግቢ ውስጥ ልጅ አለመኖሩን ግን ወርዶ ማየት አለበት። ዘበኛ ያለው ደግሞ ፊቱን ወደ እግረኛው አዙሮ፣ ሰው ካለ መኪናውን እንዲያስቆም ይንገረው። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካልም ዲዛይን ሲያጸድቅ በር አጠገብ ያለው አጥር ዝቅ እንዲል ወይም በብረት ፍርግርግ እንዲሠራ፣ ግቢ ውስጥም መኪና የሚዞርበት ቦታ እንዲተው ያስገድድ።