ሞተሩ ደክሞ ነው ወይስ ፕሮፔለሩ ከብዶት?

ሽሮ ሜዳ ቆሞ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ሚኒባስ የተመለከተ ሰው፣ ዛሬ የማነሳውን ጉዳይ ግማሹን አስቀድሞ ያውቀዋል። ሾፌሩ መኪናውን ጢም አድርጎ ጭኖ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ልውጣ ቢል ሞተሩ ያጓራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። ማርሽ ሲቀንስ ግን ዙሩን አግኝቶ ቀስ እያለ ይወጣል። ሞተሩ ያው ሞተር ነው፤ የተለወጠው ጉልበቱ ወደ ጎማው የሚደርስበት መንገድ ነው።

ለመሆኑ አንድ የጉለሌ ነዋሪ፣ ያውም ሕግ የተማረ ሰው፣ ስለ ጀልባ ምን አገባው? ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም በ2010 ዓ.ም. ያለ የሌለ ጥሪቱን አሟጦ፣ ብድርም ጨምሮ፣ ባለ 90 ፈረስ ጉልበት የሞተር ጀልባ ገዛ። ሐሳቡ ምእመናንንና ጎብኚዎችን ወደ ዘጌ ገዳማት ማመላለስ ነበር። ጀልባው ግን 12 ሰው ሲጫን አፍንጫው ወደ ሰማይ ተሰቅሎ ይቀራል። ማዕበል በመጣ ቁጥር ተሳፋሪውን ያንገጫግጫል። ሲታጠፍ ሞተሩ በድንገት ይጮሃል፤ ጀልባው ግን ወደፊት አይራመድም። ብድሩ ደግሞ ወር እየቆጠረ ይጠብቃል። «ጋሼ፣ አሮጌ ሞተር ነው የሸጡልኝ፤ ክሰስልኝ» አለኝ።

እኔም ስለ ሽያጭ የሚናገረውን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍል ገልጬ ብዕሬን አነሳሁ። ይሁንና ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጉድለቱ ምንድን ነው?» ብሎ ነው። መልሱን ፍለጋ ባሕር ዳር ወርጄ፣ በጀልባ ሞተር ሥራ የሸበቱ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድን። እርሳቸው ሞተሩን እንኳ አልነኩትም። ጎንበስ ብለው ፕሮፔለሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበቡና «19 ነው፤ ይኼማ የባሕር ጠረፍ ፕሮፔለር ነው» አሉ።

ይኸው ቁጥር «ፒች» ይባላል። ፕሮፔለሩ አንድ ዙር ሲዞር፣ እንደ ብሎን ሳይንሸራተት ቢሄድ ኖሮ ወደፊት የሚጓዘውን ርቀት በኢንች ይነግረናል። 19 ኢንች 48 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ውኃ እንደ እንጨት ጠንካራ ስላልሆነ ከዚያ ላይ የተወሰነው በመንሸራተት ይቀራል። ትልቅ ፒች እንደ ከባድ ማርሽ ነው፤ ለቀላል ጭነትና ለፍጥነት ይስማማል። ትንሽ ፒች እንደ አንደኛ ማርሽ ነው፤ ጭነት ያነሳል።

አሁን ከፍታውን እናምጣ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። አየሩ ስለሚሳሳ፣ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ጣና ላይ ሲደርስ ጉድለቱ 18 በመቶ ይሆናል ማለት ነው። 90 የተባለው ፈረስ 74 ብቻ ሆኖ ይቀራል። ውኃው ግን እንደ አየሩ አይሳሳም፤ ፕሮፔለሩ ላይ የሚያሳርፈው ሸክም ያው ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። የተለመደውን ጭነት ጭኖ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሰጥቶ፣ የሞተሩን ዙር ማንበብ። የዚህ ሞተር አምራች የፈቀደው በደቂቃ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ነበር፤ የእኛ 4,600 ላይ ቆመ። ከወሰኑ በታች የሚሠራ ሞተር ይታፈናል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ከወሰኑ በላይ የሚዞርም እንዲሁ ራሱን ይጎዳል። ፒች በ1 ኢንች ሲቀነስ ዙሩ ከ150 እስከ 200 ያህል ይጨምራል።

መካኒኩ ባለ 15 ፒች፣ ባለ አራት ክንፍ ፕሮፔለር መረጡ። ባለ ሦስት ክንፍ በከፍተኛ ፍጥነት ትንሽ ይበልጣል። ባለ አራቱ ግን ውኃውን አጥብቆ ይይዛል፣ የጀልባውን ኋላ ያነሳል፣ ንዝረት ይቀንሳል፤ በዝግታም ቢሆን ጀልባው ሳይቀመጥ ይንሸራተታል። በመታጠፊያ ላይ ሞተሩ የሚጮኸው ፕሮፔለሩ ከውኃው ገጽ አየር ስለሚስብ ነው። ስለዚህ ከፍ ብሎ ታስሮ የነበረውን ሞተርም ዝቅ አደረጉት። «የማይዝገው ብረት አይሻልም ወይ?» ስንላቸው «ይሻላል፤ ግን ድንጋይ ስትመታ አሉሚኒየሙ ተጣሞ ማርሹን ያድንልሃል» አሉን። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው እምቦጭም ፕሮፔለር ላይ ስለሚጠመጠም፣ ሞተር አጥፍቶ ማጽዳትን ልማድ ማድረግ እንደሚገባ መከሩን።

በማግሥቱ 12 ሰው ጭነን ሞከርነው። ዙሩ 5,200 ገባ፤ አፍንጫው ወረደ፤ መታጠፊያውን ያለ ጩኸት ዞረ። ክሱም በዚያው ቀረ።

አንድ ነገር ግን እንዳይዘነጋ። ፕሮፔለር የጀልባ ጠባይ ያርማል እንጂ ከልክ በላይ መጫንን ሕጋዊ አያደርግም። ከሰዓት በኋላ በሚነሣው የጣና ነፋስ ውስጥ የሰውን ነፍስ የሚጠብቀው የተሳፋሪው ቁጥርና የሕይወት አድን ጃኬቱ ነው።

ለገዢ ደግሞ የሙያ ምክሬን ልስጥ። ሕጋችን ዕቃው ለተለመደው አገልግሎት ብቻ ሳይሆን በውሉ ለታሰበው ልዩ አገልግሎትም እንዲስማማ ይጠይቃል። ስለዚህ በውሉ ላይ «ጣና ላይ፣ 12 ሰው ጭኖ፣ የሞተሩ ዙር አምራቹ በወሰነው ልክ ይገባል» ብላችሁ አስጽፉ። ዕቃውንም እንደተረከባችሁ መርምሩ፤ ጉድለት ካለ ሳትዘገዩ ለሻጩ አሳውቁ። የባለቤቴ ወንድም ውል ስለ ጣና አንድ ቃል አልነበረበትም። ተከራክረን ቢሆን ኖሮ ብድሩ እየወለደ እኛ ቀጠሮ ስንቆጥር እንከርም ነበር።

ቸር እንሰንብት።