የግማሽ ሄክታር ቡና ጎኑ ስንት ነው?

ከጅማ ወጣ ብሎ በአጋሮም ሆነ በሊሙ አዲስ የቡና ማሳ ሲዘጋጅ የተለመደው ርቀት ከችግኝ ችግኝ 2 ሜትር፣ ከመደዳ መደዳም 2 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ችግኝ 4 ካሬ ሜትር ስለሚይዝ አንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ ይችላል። ይህን ማንም ያሰላዋል። አስቸጋሪው የማሳው ጎን ነው።

ካሬ የሆነ የአንድ ሄክታር ማሳ ጎኑ 100 ሜትር ነው። ግማሽ ሄክታርስ? ብዙ ሰው ፈጥኖ 50 ይላል፤ 50 በ50 ግን 2,500 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ሩብ ሄክታር ብቻ ነው። ትክክለኛው መልስ የ5,000 ስኩዌር ሩት፣ √5,000 ነው። ቁጥሩ ቢያስፈራም 5,000 ማለት 2,500 × 2 ነው። የ2,500 ስኩዌር ሩት 50 ስለሆነ 50 ከምልክቱ ይወጣና 50√2 ይቀራል፤ 70.71 ሜትር ገደማ።

ይህን የሚፈቅደው ሕግ አጭር ነው፦ √2 × √3 = √6። ለምን ቢባል፣ √2 × √3 በራሱ ሲባዛ 2 × 3 ይሰጣል፤ በራሱ ተባዝቶ 6 የሚሆን አዎንታዊ ቁጥር ደግሞ √6 ብቻ ነው። በመደመር ግን አይሠራም፦ √9 + √16 ውጤቱ 7 ሲሆን √25 ግን 5 ነው። ተማሪዎችን ደጋግሞ የሚጥለው ይኸው ነው።

የማሳው ማዕዘን መጣመሙን ለማወቅ ገመድ ከጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ ይዘረጋል። የካሬ ሰያፍ ጎኑ በ√2 ተባዝቶ ይገኛል፤ ስለዚህ የግማሽ ሄክታሩ √5,000 × √2 = √10,000፣ ልክ 100 ሜትር ነው። በካልኩሌተር 70.71ን በ1.41 ያባዛ ሰው 99.70 ያገኛል። 30 ሴንቲሜትሩን የበላው ቁጥሩን ቀድሞ ማጠጋጋቱ ነው።

ችግኞቹ በሦስት ማዕዘን፣ ሁሉም ከጎረቤቱ 2 ሜትር ርቆ ቢተከሉ ደግሞ የመደዳው ርቀት √3 ሜትር ይሆናል። አንዱ ችግኝ የሚይዘው 2√3 ካሬ ሜትር ነው፤ ሄክታሩም 2,887 ያህል ይችላል። በጅማ መልኮ የምርምር ማዕከል የወጡት 74110 እና 74112 የተባሉ የቡና ዝርያዎች ቅርንጫፋቸው ሰብሰብ ያለ በመሆኑ ቅርንጫፋቸው ከተንሰራፋ ዝርያዎች ይልቅ ተቀራርቦ መተከልን ይችላሉ። አፈሩና ጥላው መፍቀዳቸው የግብርና ባለሙያ ጉዳይ ነው።

የሁለት ሄክታር ካሬ ማሳ ጎንስ? √20,000 ማለት 100√2 ነው። መሬቱ ከግማሽ ሄክታር አራት እጥፍ ቢበልጥም ጎኑ የሚረዝመው በእጥፍ ብቻ ነው።