ባለ አንድ ነጥቧ ምሩቅ

አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ የ97 የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ናት፤ ዕጣዋን እስካሁን ትጠብቃለች። የዕጣውን ነገር ለሚያውቅ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። መስከረም ላይ እንኳን አደረሰሽ ልላት ስደውል፣ «የኔንስ ለመድኩት፤ ያንቺ ወንበር ወጣልሽ ወይ?» አለችኝ።

ወንበሩ ያለው አሜሪካ፣ የተመረቅሁበት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም፤ ያለችኝን ነጥብ እንዳይቀንሱብኝ እፈራለሁ። ወደ ነጥቡ እመለሳለሁ።

ሞላላውን ኳስ ይዘው የሚላተሙበት የኮሌጅ ፉትቦል የተማሪ ጨዋታ ስለተባለ ትንሽ አይምሰላችሁ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል። የኦሃዮ ስቴትና የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምም ከ100,000 በላይ ናቸው። ነብራስካ ደግሞ በሜዳው የሚያደርጋቸው ጨዋታዎች ትኬት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1962 ጀምሮ ሳይሸጥ የቀረበት ጊዜ የለም ይላል። ጨዋታው ግን ጥቂት ነው። አንድ ቡድን በሜዳው የሚጫወተው በመከር ወራት 6 ወይም 7 ቅዳሜ፣ ቢበዛ 8 ነው። ስለዚህ ሰው የሚሻማው ሲዝን ትኬት ለሚሉት፣ የዓመቱን የሜዳ ጨዋታዎች በሙሉ ከአንድ ወንበር ለሚያሳየው ትኬት ነው።

ተማሪ ሳለሁ ችግሩን አላውቀውም ነበር። ለተማሪ ርካሽ ነው፤ ለ7 ጨዋታ የከፈልኩት አንድ ደህና ጫማ ቢገዛ ነው። አራት ዓመት ከሜዳው ጫፍ ጀርባ ቆሜ ጮኬአለሁ። ወንበርማ ነበረን፤ የሚቀመጥበት ሰው ግን አልነበረም። አንድ ቀን አባቴን ይዤው ብሄድ ዞር ዞር ብሎ አየና «ሚስማር ተራ ነዋ!» አለ። የአዲስ አበባ ስታዲየም ደንበኛ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ስታዲየምን የሚለካው በዚያው በሚስማር ተራ፣ በካታንጋና በከማን አንሼ መቀመጫዎች ነው።

ግንቦት ላይ ተመረቅሁ። የተማሪ መታወቂያዬ ሲዘጋ ትኬቱም አብሮ ተዘጋ።

ትኬት ክፍል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው ልጅ ትሁት ነበር፣ ያም ይበልጥ አናደደኝ። አሠራሩን ነገረኝ፦ መጀመሪያ ለስፖርት ክፍሉ ፈንድ ስጦታ ይሰጣል፤ በየ100 ዶላሩ 1 ነጥብ ይያዛል፤ ትኬት ለተገዛበት ለእያንዳንዱ ዓመትም እንዲሁ። ወንበር የሚመረጠው በነጥብ ቅደም ተከተል ነው። አራት ዓመት የገዛሁት የተማሪ ትኬትስ? አይቆጠርም። ለምሩቅነት ግን 1 ነጥብ አለሽ አለኝ። ከፊቴ ያሉት እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ሲሰጡ የኖሩ፣ ነጥባቸው በሺህ የሚቆጠር ሰዎች ናቸው። ሲሞቱ እንኳ ወንበሩ ለባል ወይም ለሚስት ይተላለፋል። የአክስቴ ዕጣ ቢያንስ ዕጣ ነው፤ ይሄኛው የሚወጣው በገንዘብ ነው።

ለእያንዳንዱ ወንበር በየዓመቱ 600 ዶላር ስጦታ፣ ከዚያ የትኬቱ ዋጋ ለብቻው። «ስጦታ» ይሉታል፤ ካልሰጠሽ አይሸጡልሽም። ድሮ ከዚህ ስጦታ 80 በመቶው ከግብር ተቀናሽ ነበር። እንደ አውሮፓውያኑ በ2017 የወጣው የግብር ሕግ ያንን ከ2018 ጀምሮ አስቀረው፤ ስሙ ግን እስካሁን ስጦታ ነው። አሁን ደግሞ በ2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለተጫዋቾቹ በቀጥታ መክፈል ይችላል፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ ገንዘቡም ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። በዚህ አልቆጭም። ኬሚስትሪ አብሮኝ የተማረ አንድ ተከላካይ ጉልበቱን ተቀዶ በክራንች ፈተና ሲገባ አይቻለሁ። ይከፈለው።

ለአዲስ ምሩቃን ቅናሽ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ናቸው፤ የኔም አለው። ስጦታው ትንሽ፣ ወንበሩም ትንሽ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሽያጩ የተከፈተ ዕለት ላቦራቶሪ ተረኛ ሆኜ ውዬ እረፍት ስወጣ አልቆ ጠበቀኝ። ያን ዓመት ያየሁት አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ እሱንም ዝናብ ሲያስፈራራ፣ ሻጮች ሊጀመር ሰዓት ሲቀረው ዋጋ ሲያወርዱ ጠብቄ በስልኬ የገዛሁት። ከባላንጣችን ጋር ሲሆን ግን አይወርድም፤ ይወጣል እንጂ።

ዘንድሮ አራት ጓደኛሞች ዕቁብ ገባን። አራታችንም በአንድ ጠዋት ኮምፒውተር ላይ ተጣድን፤ ለአንዷ ብቻ ተሳካላት። ሁለት ወንበር፣ ሰባት ጨዋታ፣ አራት ሰው። ሂሳቡ እኩል ስለማይካፈል በባርኔጣ ውስጥ ዕጣ አወጣን። ያጨቃጨቀን ዕጣው ሳይሆን ነጥቡ ነው፤ የሚጠራቀመው በአንድ ሰው ስም ብቻ ነዋ። በስሟ የሚጠራቀምላት ልጅ ዳኛችን ሆነች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ጥሩ ወንበር ቢደርሳት ብቻዋን እንዳትቀመጥበት አስፈርመናታል።

ለኔ የኅዳሩ ብርድ ደረሰኝ። አባቴ አብሮኝ ይመጣል፤ ጋቢውን ከአሁኑ አውጥቷል።

«ወጣልኝ» አልኳት አክስቴን።

«እልል! ስንተኛ ፎቅ?»

«የመጨረሻው።»

«ሊፍት አለው?»

«የለውም።»