ከዳንግላ እስከ ባሕር ዳር፦ የዘጠነኛ ክፍል ምርጫና የወላጆች ጭንቀት

የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት ይፋ ሲሆን በዳንግላ ከተማ በበርካታ ቤቶች የሚነሳው ጥያቄ ልጁ አለፈ ወይስ ወደቀ የሚለው ብቻ አይደለም። «ዘጠነኛን የት ይማር?» የሚለው ጥያቄ ቤተሰቡን ከውጤቱ እኩል ያነጋግራል፤ እንቅልፍም ይነሳል። በተለይ በወር ደመወዝ የሚተዳደረው የመንግሥት ሠራተኛ ክረምቱን የሚገፋው ይህንኑ ሲያወጣና ሲያወርድ ነው።

ዳንግላ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከሚገኙ ነባር ከተሞች አንዷ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ባሕር ዳር በሚደርሰው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። የዞኑ መቀመጫ እንጅባራ በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የክልሉ መዲና ባሕር ዳር ደግሞ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ይህ አቀማመጥ ለወላጆች የምርጫ በር ከፍቷል። ልጅን እዚያው ማስተማር፣ ወደ እንጅባራ ወይም ወደ ባሕር ዳር መላክ፣ አልያም አዲስ አበባ ከሚኖር ዘመድ ማስጠጋት ይቻላል። ይሁን እንጂ ምርጫው በሰፋ ቁጥር ጭንቀቱም አብሮ ሰፍቷል።

ጭንቀቱ ከምን መነጨ?

በ1986 ዓ.ም በወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከዘጠነኛ እስከ አሥረኛና ከአሥራ አንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በሁለት እርከን ተከፍሎ ነበር። ከ1993 እስከ 2011 ዓ.ም የተሰጠው የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ተማሪውን ወደ መሰናዶ ወይም ወደ ቴክኒክና ሙያ ይለይ ነበር። በመሆኑም ብዙ ወላጅ ልጁን ከቤት ስለማስወጣት የሚያስበው አሥረኛ ክፍል ከተጠናቀቀ በኋላ ነበር።

በአሁኑ አደረጃጀት ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ትምህርት አንድ እርከን ሆኗል። አራቱ ዓመታት የሚመዘኑትም በመጨረሻ በሚሰጠው ብሔራዊ ፈተና ነው። ስለሆነም ቀደም ሲል በአሥራ ስድስት ዓመት ዕድሜ ይደረግ የነበረው ውሳኔ ዛሬ ልጁ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው እንዲደረግ ግድ ብሏል።

ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የተመዘገበው ውጤትም ስጋቱን አባብሶታል። በ2014 ዓ.ም የትምህርት ዘመን ፈተናውን ከወሰዱ 896 ሺህ 520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29 ሺህ 909 ወይም 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም አኀዙ 3 ነጥብ 2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም ደግሞ 5 ነጥብ 4 በመቶ ሆኗል። በ2017 ዓ.ም ወደ 8 ነጥብ 4 በመቶ ከፍ ማለቱ ይበል የሚያሰኝ ቢሆንም ከአሥር ተማሪዎች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት አሁንም ከግማሽ በታች እንዳመጡ ያሳያል።

ለወላጅ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሌላው አኀዝ ነው። በ2015 ዓ.ም ተማሪዎችን ካስፈተኑ 3 ሺህ 106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1 ሺህ 328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከዚህ አኀዝ ጀርባ «የእኔ ልጅ የሚማርበት ከየትኛው ወገን ይሆን?» የሚለው ጥያቄ በእያንዳንዱ ቤት ቢነሳ የሚያስገርም አይሆንም።

በዚህ ላይ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የተከሰተው ግጭት የበርካታ ትምህርት ቤቶችን ሥራ አስተጓጉሏል። ልጆቻቸው የትምህርት ዘመን እንዳያመልጣቸው የሰጉ ቤተሰቦች ወደ ትልልቅ ከተሞች አማትረዋል። የመንገድ ደህንነት ስጋት ደግሞ ልጁን ከሰደዱ በኋላ ሄዶ መጠየቁን አዳጋች አድርጎታል።

የከተማው ዋጋ

ልጅን ባሕር ዳር መላክ የትምህርት ቤት ክፍያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመንግሥት ትምህርት ቤት ቢማር እንኳን የቤት ኪራይ፣ የምግብ፣ የትራንስፖርትና የማጠናከሪያ ትምህርት ወጪ አለ። ብዙ ጊዜ ተማሪዎች ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድርቆሹና በሶው ከቤት ተሰንቆ በአውቶቡስ ይላካል። ምግቡን አብስሎ፣ ልብሱን አጥቦ፣ ሰዓቱን አክብሮ የማጥናቱ ኃላፊነት ግን የሚወድቀው ገና በዕድገት ላይ ባለ ታዳጊ ትከሻ ላይ ነው።

ተማሪዋ ሴት ስትሆን ሥጋቱ ይበረታል። ወላጅ ስለ አከራዩ፣ ስለ ሠፈሩና ከትምህርት ቤት ስለሚመለሱበት ሰዓት ያስባል። አንዳንዱ ይህን ፈርቶ ወንዱን ልጅ ልኮ ሴቷን እዚያው ያስቀራል። ይህም ሳይታወቅ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ዕድል ይፈጥራል።

ዘመድ ቤት ማስጠጋትም የራሱ ችግር አለው። ዘመድ በቅንነት ቢቀበልም የኑሮ ውድነት በተጫነው ቤት አንድ ተጨማሪ ልጅ ማሳደር ቀላል አይደለም። ልጁም የቤት ሥራ አግዞ፣ ተልኮ ሲያበቃ ለጥናት የሚተርፈው ጊዜ ሊያጥረው ይችላል።

የቋንቋ ጉዳይም አለ። በዞኑ የገጠር ቀበሌዎች አንደኛ ደረጃን በአዊኛ የተማሩ ልጆች ዘጠነኛ ክፍል ሲገቡ የማስተማሪያ ቋንቋቸው እንግሊዝኛ ይሆናል። ይህ ሽግግር በቤተሰብ መካከል ሆኖም ከባድ ነው። ከአዲስ ከተማና ከብቸኝነት ጋር ሲደረብ ደግሞ ጎበዝ የነበረውን ተማሪ ወደ ኋላ ሊያስቀረው ይችላል።

ስም ወይስ ሥራ?

በብሔራዊ ፈተናው አዲስ አበባ በአማካይ የተሻለ ውጤት ከሚያስመዘግቡት ቀዳሚዋ መሆኗ አይካድም። ከሁሉ የላቀ ውጤት በማምጣት የሚታወቁት ደግሞ ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ናቸው። እዚህ ላይ ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቻቸውን በመግቢያ ፈተና አወዳድረው የሚቀበሉ ናቸው። በሩ ላይ ከተመረጡ ተማሪዎች የሚገኝ ውጤት ምን ያህሉ የትምህርት ቤቱ፣ ምን ያህሉ የተማሪው እንደሆነ በአንድ የማለፊያ መቶኛ አይታወቅም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። እንግሊዝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የፈተና ውጤት በሠንጠረዥ ለሕዝብ ማውጣት የጀመረችው እ.ኤ.አ በ1992 ነበር። ውሎ አድሮ ግን ተራ ውጤት ትምህርት ቤቱ ከተቀበላቸው ተማሪዎች ማንነት ተለይቶ እንደማይታይ በመታመኑ፣ እ.ኤ.አ በ2016 ተማሪው ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ያሳየውን ለውጥ የሚለካ መመዘኛ ሥራ ላይ ውሏል።

በአገራችንም ከማለፊያ ቁጥር ያለፈ መመዘኛ አለ። ከ2006 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ በተግባር ላይ የዋለው የአጠቃላይ ትምህርት ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቶችን በ26 ስታንዳርዶች መዝኖ ከደረጃ አንድ እስከ ደረጃ አራት ይመድባል። ከነጥቡ 25 በመቶው ለግብአት፣ 35 በመቶው ለመማር ማስተማር ሂደት፣ 40 በመቶው ለውጤት የተሰጠ ነው። ደረጃ ሦስትና አራት ያገኙት መስፈርቱን እንዳሟሉ፣ ደረጃ አንድና ሁለት ላይ ያሉት ደግሞ መሻሻል እንደሚገባቸው ይወሰዳል።

ከዚህ አመዳደብ መረዳት የሚቻለው የሕንፃው ማማርና የከተማው ስም ከአጠቃላይ ምዘናው አነስተኛውን ድርሻ የሚይዘው የግብአት ክፍል እንኳን ሙሉ መገለጫ አለመሆናቸውን ነው። መምህሩ ክፍለ ጊዜውን ያሟላል ወይ? ሒሳብና ፊዚክስ የሚያስተምሩት በዘርፉ የሠለጠኑ ናቸው ወይ? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? መጽሐፍ ለተማሪው ደርሷል ወይ? ቤተ ሙከራው ይሠራል ወይስ ተቆልፏል? ወላጅ ሊጠይቃቸው የሚገቡት እነዚህን ነው። የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት ዓመት ውጤት ጎን ለጎን ማየትም ትምህርት ቤቱ ወደ ላይ እየወጣ ይሁን ወደ ታች እየወረደ ያሳያል።

መረጃው ያለው የት ነው?

አሳሳቢው ነገር ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሆነው መልስ በአብዛኛው በወረዳና በዞን ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች መዝገብ ውስጥ መገኘቱ ነው። ኢንስፔክተሩ መዝኖ ሪፖርት ያቀርባል፤ ሪፖርቱም ለዕቅድ ዝግጅት ይውላል። ወላጁ ግን ልጁን የሚያስመዘግበው በጎረቤት ወሬና በሻይ ቤት ጨዋታ ተመርቶ ነው። መረጃ በሌለበት ደግሞ ቦታውን የሚይዘው ስም ነው፤ ለዳንግላ ወላጅ ስሙ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ነው።

በመሆኑም የየትምህርት ቤቱን የኢንስፔክሽን ደረጃ፣ የሦስት ዓመት ውጤትና የመምህራን አሟልነት ከምዝገባ በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳና በወላጆች ስብሰባ ማሳወቅ ብዙ በጀት የማይጠይቅ እርምጃ ነው። ደረጃው ዝቅ ያለ ትምህርት ቤትም ምን እንደጎደለውና በምን ያህል ጊዜ እንደሚያሟላው አብሮ ቢገለጽ ወላጅ ከመሸሽ ይልቅ ሊያግዝ ይችላል።

ጉዳዩ ከአንድ ቤተሰብ ጭንቀት አልፎ የአስተዳደር ጉዳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። በ1999 ዓ.ም የተጀመረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሃ ግብር ከአራቱ ዐበይት ርዕሰ ጉዳዮች አንዱን የኅብረተሰብ ተሳትፎ አድርጓል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ውስጥ ሪፖርት አንብቦ የሚጠይቀው፣ ርዕሰ መምህሩን የሚሞግተው፣ ለቤተ ሙከራ ገንዘብ የሚያሰባስበው በአብዛኛው የተማረው ወላጅ ነው። የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩና ኃላፊው ልጆቻቸውን ወደ ትልቅ ከተማ ሲያሻግሩ ትምህርት ቤቱ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ጠያቂም ያጣል። እዚያው የሚቀረው የአርሶ አደሩና የዝቅተኛ ነዋሪው ልጅ ነው፤ ጥያቄውን የሚያነሳለት ግን አይኖርም።

ይህ ሲባል ልጁን ወደ ተሻለ ትምህርት ቤት የሚልክ ወላጅ ይወቀሳል ማለት አይደለም። ለልጁ የሚበጀውን መሻት የወላጅነት ግዴታው ነው። የሚጠበቀው ውሳኔው በስም ሳይሆን በመረጃ ላይ እንዲመሠረት፣ ልጁ የሚከፍለው የብቸኝነትና የእንግልት ዋጋም በሂሳቡ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ ነው። አንዳንድ ጊዜ ባሕር ዳር ትክክለኛው ምርጫ ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» እንደሚባለው፣ በወላጅ ዓይን ሥር ሆኖ እዚያው ዳንግላ መማር ይበልጥ ይጠቅማል።

የዘጠነኛ ክፍል ምዝገባ በየዓመቱ ይመጣል። የትምህርት አመራሩ በእጁ ያለውን መረጃ ለወላጁ ካደረሰ፣ ወላጁም በመረጃው ላይ ተመሥርቶ ከጠየቀና ካገዘ፣ የክረምቱ ጭንቀት ቀስ በቀስ ይቀላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የትም መሄድ የማይችለው ልጅ በሠፈሩ ባለው ትምህርት ቤት ተስፋ እንዲኖረው ያደርጋል።