ሰዓቱን ሳትሞሉ አትሂዱ

ከአዳማ ተነስቶ መተሐራን አልፎ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ የገባ ሰው ሳላ አይቶ ይመለሳል። ጥርኙን፣ ጃርቱንና አዋልዲጌሳውን ግን አያይም፤ እነሱ የሚወጡት እኛ ስንተኛ ነው። ተኝተን ሳለን ነቅቶ የሚጠብቅልን ካሜራ ትራፕ ነው።

ግንድ ላይ የሚታሰር፣ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሣጥን ነው። የሚቀሰቅሰው ከአካባቢው የተለየ ሙቀት ያለው አካል ሲያልፍ ነው። ስለዚህ በቀትር፣ መሬቱ ሲግል፣ እንስሳው ፊቱ ቆሞም ሊያመልጠው ይችላል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግን ንቁ ነው። በጨለማ የሚያነሳው በኢንፍራሬድ ብርሃን ስለሆነ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ሥራው ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በ2008 ዓ.ም. በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩ የተረጋገጠው በዚሁ መሣሪያ ምስልና በዱካ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሰዓቱ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ምስል እንድለይ ተሰጠኝ። አንዱ ላይ ጃርት እሾኹን አቁሞ ይሄዳል፤ ከሥሩ 14፡00 ይላል። በመተሐራ ፀሐይ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ጃርት? ምስሉን ደግሜ ሳየው ጥቁርና ነጭ ነው። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ካሜራውን ያሰረው ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የእጅ ሰዓቱን አይቶ 03፡00 ብሎ ሞልቷል፤ መሞላት የነበረበት 09፡00 ነው። ጃርቱ የወጣው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ነበር።

ሁሉም ካሜራ እኩል ቢሳሳት 6 ሰዓት ጨምሮ ማረም ይቻላል። አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ሲሞላና ማን የቱን እንደሞላ ሳይጻፍ ሲቀር ግን የወራት ልፋት ይበላሻል። እንስሳው መቼ እንደሚወጣ፣ ከብትና እረኛ ከሄዱ ስንት ሰዓት ቆይቶ ወደ ውኃው እንደሚወርድ ማወቅ አይቻልም። የመጣንበት ጥያቄ ደግሞ ይኸው ነበር። ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ካሜራው ጳጉሜን አያውቅም።

እባካችሁ፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ሣር እጨዱ፤ ፀሐይ ያሞቀው ሣር ነፋስ ሲያወዛውዘው ካርዱን በባዶ ምስል ይሞላዋል። ፊቱን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ አታዙሩት። ከሁሉ በላይ ግን፣ ከመሄዳችሁ በፊት ቀኑንና ሰዓቱን፣ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ብላችሁ፣ በወረቀት ላይ በጉልህ ጽፋችሁ ካሜራው ፊት ያዙት። የመጀመሪያው ምስል ያ ወረቀት ይሁን። ሰዓቱ ተሳስቶ ቢሞላ እንኳ ከእሱ ተነስቶ የሚያርም ሰው አይጠፋም።