ያውቁ ኖሯል? ቤተ ልሔም፦ የእንጀራ ቤት ወይስ የሥጋ?

በደብረ ማርቆስም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ የጎጃም ደብሮች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ ለብቻዋ የምትቆም አነስተኛ ቤት አለች፤ ቤተ ልሔም ትባላለች። የቅዳሴው ኅብስት ከስንዴ ዱቄት በዕለቱ የሚጋገረው እዚያ ነው። ስሙና ሥራው እንዴት እንደተገጣጠሙ ልብ ይበሉ! በዕብራይስጥ «ሌሔም» ዳቦ፣ እንጀራ ማለት ነውና ቤተ ልሔም «የእንጀራ ቤት» ነው። በዐረብኛ ግን «ለሕም» ሥጋ ነው። ብዙ የሴም ቋንቋዎች አጥኚዎች ሁለቱን ከአንድ ሥር ያወጧቸዋል፤ መነሻው «ዋና ምግብ» ሳይሆን አይቀርም። አራሹ እህሉን፣ አርብቶ አደሩ ሥጋውን በዚያው ስም ጠሩት። በመልክ የምትቀርባቸው የግዕዟ «ላህም» ደግሞ ዳቦም ሥጋም አይደለችም፤ የጎጃም ገበሬ በየደጁ የሚያረባት ላም ናት።